የኡሉሪያክ ድንጋይ

ማቲዩሲ ስድሳ አራት ዓመቱ ነው፤ እኔ ሠላሳ አንድ። ቢሆንም እናቱ ነኝ። ሳይማዩ የምትባለው ወላጅ እናቱ በሞተች ወር ስለተወለድኩ ስሟን ለእኔ ሰጡኝ፤ እኛ የሰሜን በረዶ አገር ሰዎች ዘንድ የሟችን ስም የያዘ ሰውየውንም ይዟል። አቆስጣ የሚባለውን የባሕር እንስሳ አድኖ በገደለ ቁጥር ጉበቱን መጀመሪያ የሚያመጣው ለእኔ ነው። ያን ሁሉ ሽበት ይዞ ሰው ፊት «እማዬ» ሲለኝ መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኛል።

ሚስቱ ኡሉሪያክ ሚያዝያ ላይ አረፈች። መጨረሻ የሳለችው ራሷን ነው፤ መስኮት ሥር ተቀምጣ ቦት ጫማ ስትሰፋ። ማቲዩሲ ሥዕሉን ድንጋይ ላይ ቀረጸው፤ እኔ ድንጋዩን ቀለም እየቀባሁ፣ ወረቀቱን በእጄ እያሸሁ ሃምሳ አተምኩ። ደቡብ ባሉ ከተሞች የሰው ሳሎን ውስጥ ሊሰቀሉ ነው። ሃምሳ ካልን ሃምሳ ነው። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ጥልቅ መስመር ይጫርበትና ሁለተኛ እንዳያትም ይበላሻል። መበላሸቱን በፊርማዬ ካላረጋገጥኩ አንዲት ወረቀት አትወጣም።

ሃምሳዎቹን ወረቀቶች የሚወስደው አውሮፕላን ስምንት ሰዓት ላይ ይነሳል። ሰባት ተኩል ሆኖ ማቲዩሲ መሮውን እንደያዘ ድንጋዩ ፊት ተገትሯል።

«ዛሬ ነው ወይስ ለገና?» አልኩት።

«ድንጋዩን ቤት እወስደዋለሁ።»

«ወስደህ ምን ልታደርገው? አቅፈኸው ልትተኛ?»

«አዎ።»

ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ።

«ስማኝ። ይሄ ድንጋይ ሳይበላሽ ከተቀመጠ ተደብቀው ያትማሉ እንባላለን። የሚጎድፈው የኡሉሪያክ ስም ነው።»

«ማን ያየዋል? አልጋዬ ሥር ነው።»

«እኔ አውቃለሁ። በውሸት አልፈርምም።»

«አትፈርሚያ!»

ውጪ ወረቀቶቹን ወደ አውሮፕላኑ የሚያደርሰው የጭነት መኪና ጡሩንባ ነፋ። ተናደድኩ። መሮውን ልነጥቀው እጄን ስሰድ ወደ ደረቱ ሳበው፤ ስለቱም መዳፌን ሰነጠቀው። ደሙ ወለሉ ላይ ተንጠባጠበ።

«እማዬ...» አለ።

በዚያች ሰዓት አሳዘነኝ፤ ንዴቴ ብን ብሎ ጠፋ። ከሚያዝያ ጀምሮ ይሄን ሰው በቃህ፣ እረፍ ያለው አልነበረም። እኛ ሁላችን ሥራ ሥራ ስንለው ከርመናል።

«በቃ ልጄ» አልኩት። «ስጠኝ።»

ሰጠኝ፤ ፊቱንም ወደ ግድግዳው አዞረ።

እጄን በጨርቅ አስሬ ድንጋዩ ላይ ከተቀረጸው ቦት ጫማ መጫር ጀመርኩ። በጣቶቿ አለፍኩ። ፊቷ ላይ ስደርስ ጥርሴን ነክሼ መሮውን ገፋሁት። የድንጋዩ ድምፅ ጆሮ ይበላል። እሱ በእያንዳንዷ ጭረት ትከሻው ይዘል ነበር።

መሮውን ሳስቀምጥ ሳይዞር ጠየቀኝ፦

«እማዬ፣ አሁን ሞተች አይደል?»

«አዎ» አልኩት። «ሞተች።»