በቅቤ ፋንታ አበባ

ያን ዓመት ፋሲካ ሲቃረብ ገለቴ ለእሜቴ ደብሪቱ የምትወስደው ቅቤ አልነበራትም። ላሟ ጥር ላይ ሆዷ ተነፍቶ ሞታለች። የቀረችው ጊደር ገና ናት። ባሏ ባይሳ ደግሞ ደረቱን ከታመመ ወዲህ ሣር አጭዶ፣ ድርቆሽ ሸጦ፣ የሰው ቅቤ እንኳ የሚገዛበት ጉልበት የለውም። የሱሉልታ ጭሰኛ ሁሉ እንደሚያውቀው የመሬት ጌታ የፋሲካ ቅቤ የሚቀር ነገር አይደለም። እህሉን ውርጭ ይምታው፣ ከብቱ ይለቅ፣ ቅቤው አዲስ አበባ ይደርሳል። ያልደረሰ እንደሆነ ጭቃ ሹሙ ጎበና ይመጣል፤ ጎበና ደግሞ የሰው ደጅ ረግጦ ባዶ እጁን የተመለሰበት ቀን የለም።

ገለቴን ያስጨነቃት ቅቤው ራሱ አልነበረም። ቤቱ ነው። ባይሳ ጎጆውን የሠራው ሊያገባት ሲል ነበር፤ የመሀሉን የጽድ ምሰሶ ከጫካ በትከሻው ተሸክሞ አምጥቶ፣ ትከሻው ቆስሎ ሰርጉ ዕለት ጋቢ መደረብ አቅቶት እንደነበር እስከ ዛሬ እየተነሣ ይሳቅበታል። አሁን ሲያስለው ምሰሶውን በእጁ ይዞ ነው የሚያስለው። ከዚህ ዓለም የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረው። «ሀዳ ድንቅቱ» ይላታል፣ የድንቅቱ እናት ለማለት፣ ተድራ በሄደችው ልጃቸው ስም እየጠራ፣ «እኔ ከዚህ ቤት የምወጣው በቃሬዛ ነው። ከዚያ በፊት ማንም እንዳያስወጣኝ።» እሷም እሺ ብላዋለች። እሺ ማለት ቀላል ነው፤ መሬቱ ግን የእሜቴ ነው።

ከበሩ ጎን ግድግዳውን ተደግፎ የሚያድግ አንድ ቁጥቋጦ ነበራት። መኪና መንገዱ ዳር ሱቅ ያለው የሸምሰዲን ሚስት ራዲያ ናት የሰጠቻት። ራዲያ የምትኖረው ጣሊያን ሠርቶት በሄደው ቤት ነው፤ አበባውም ከቤቱ ጋር የተረከበችው ነው። ገለቴ ላሟ በነበረች ጊዜ ወተት ስታደርስላት አንድ ቅርንጫፍ ቆርጣ አስያዘቻት።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች ገለቴ።

«ጠምበለል ነው።»

«ጠምበለልማ ነጭ ነው። ጫካው ሞልቶት የለ?»

«ይሄ ቢጫ ነው። የፈረንጅ ይሁን የኛ እኔ አላውቅም። ብቻ ግድግዳ አስጠጊው። ለብቻው መቆም አያውቅም፤ ወላሂ፣ ልክ እንደ ሸምሰዲን ነው» አለችና ሁለቱም ሳቁ።

ባይሳ ሲያየው፣ «የሚበላ ነገር ብትተክዪ ምን ነበረበት?» ብሎ ነበር። ቁጥቋጦው ግን ሥር ሰድዶ፣ ቅርንጫፎቹን በግድግዳው ላይ ጥሎ፣ ያን ዓመት ፋሲካ ሲደርስ ከላይ እስከ ታች ቢጫ ሆነ። ላም በሞተችበት ደጅ እንዲህ ማበቡ ገለቴን መጀመሪያ አናዷት ነበር። ኋላ ግን ባዶ እጅ ከመሄድ ይሻላል ብላ አንድ እቅፍ ቆረጠች፤ በነጠላ ጠቅልላ እንጦጦን ተሻግራ ወረደች።

የእሜቴ ደብሪቱ ግቢ ውስጥ የጭሰኛ ሰልፍ ነበር። ሙክት የሚጎትት፣ ቅል ሙሉ ቅቤ ያቀፈ፣ እንቁላል በጭድ የያዘ ሁሉ ተራውን ይጠብቃል። ገለቴ ተራዋ ሲደርስ ነጠላዋን ፈታች። የወጥ ቤቷ ሴት ፊቷን አዙራ ሳቀች። ጎበና ዐይኑን አፈጠጠ። ገለቴ መሬት ብትከፈት ገብታ በተገላገለች።

«ላሟ ሞታብኝ ነው እሜቴ...» አለች።

እሜቴ የላሟን ነገር አልሰሙም። አበባውን በሁለት እጃቸው አንሥተው አዩት። «ጉድ እኮ ነው! ይኸን ሁሉ ዘመን ቅቤ ሲጫንብኝ ኖሬ አበባ ያመጣልኝ ሰው አንቺ ነሽ። ለከርሞም ይኸንኑ አምጪልኝ። ቅቤውን ተይው።»

ገለቴ ስትመለስ እጇም ልቧም ቀሎ፣ የእንጦጦን ዳገት ብቻዋን እየሳቀች ወጣች። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች አብዳለች ብለው መንገድ ለቀቁላት።

ከዚያ በኋላ ያለው ድካም ለሳቅ አይመችም። ሱሉልታ በኅዳርና በታኅሣሥ ያገኘውን ሁሉ የሚያቃጥል ውርጭ አላት። ገለቴ ማታ ማታ ቁጥቋጦውን በጆንያ ታለብሳለች፤ ጠዋት ታወልቃለች። በጋ ሲገባ ከቁልቁለቱ ምንጭ በእንስራ ውኃ ታመላልሳለች፤ ግማሹ ለቤት፣ ግማሹ ለአበባው። ወገቧን ሲቆርጣት ባይሳ ምሰሶውን ተደግፎ ተቀምጦ ያያታል።

«ቅቤ መናጥ አይሻልሽም ነበር?» ይላታል።

«ላም ስጠኝና እንጣለሁ» ትለዋለች።

ጎረቤት ቀንቷል። በአረም ነው ከቅቤ የተገላገለችው ይላሉ፤ ይበሉ። እሷ በየዓመቱ አንድ እቅፍ ትወስዳለች፣ እሜቴ ይደሰታሉ፣ ጎበና ደጇ አይደርስም፣ ባይሳ ቤቱ ውስጥ አለ። ሰው ሲደክመው ከዚህ በላይ ምን ይመኛል?

ሦስተኛው ፋሲካ ላይ እሜቴ፣ «እስቲ የሚበቅልበትን ልየው» አሉ።

በሳምንቱ ላንድሮቨራቸው ሜዳውን አቋርጣ መጣች። ገለቴ ግድግዳውን በእበት ለቅልቃ፣ ደጁን ጠርጋ፣ የቀረው አበባ ለእንግዳ ሲባል ሳይቆረጥ እንዲቆይ አድርጋ ነበር። እሜቴ ከመኪና ወርደው ቆሙ። ቢጫው ከበሩ ጎን ተነሥቶ እስከ ክዳኑ ጠርዝ ደርሷል። ከጀርባው ሜዳው ተዘርግቷል፤ ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው፤ የደረቀ ሣር ይሸታል።

«እንዴት ያለ ቦታ ነው! ጎበና፣ እስከ ዛሬ ይኸን ደብቀኸኝ ነው?»

ጎበና መሬት መሬት አየ። እሜቴ ከጎረቤት የመጣ አሬራ ቀርቦላቸው ጠጡ፣ ባይሳንም «እግዜር ይማርህ» አሉት። ያን ቀን ገለቴ ደስ አላት፤ ደስታዋን መደበቅ ለምን? በዕድሜዋ ሙሉ ሰው መጥቶ የሷን ደጅ አይቶ «እንዴት ያለ» ብሎ አያውቅም።

ጎበና ብቻውን ተመልሶ ሲመጣ ገለቴ ቁጥቋጦውን ውኃ እያጠጣች ነበር።

«አካም ቡልቴ ገለቴ? ደግ ዜና ይዣለሁ። እሜቴ እዚህ የእረፍት ቤት ሊያሠሩ ነው። ክረምቱ እንደ ወጣ ጎጆው ይነሣል። አበባው ግን እንዳይነካ ብለዋል። ቅጠሉ የተበጠሰ እንደሆነ ወዮልሽ!»

«እኛስ?»

«እናንተማ አደግድጋችሁ አመስግኑ። ባይሳ ዘበኛ ሆኗል። አንቺ አበባውን ታጠጫለሽ። አጥሩ በር ላይ ቆርቆሮ ቤት ይሠራላችኋል።»

«ዘበኛ? ቆሞ መሄድ የማይችለውን ሰው?»

«ተቀምጦ ይጠብቃ!»

ራዲያ ስትሰማ፣ «ንቀዪው! ዛሬውኑ ንቀዪው!» አለች። ገለቴ ግን «ቦታው አንዴ ታይቷል፤ ቢነቀል ማን ይረሳዋል?» አለች። ይልቅ እንጦጦን ተሻግራ ሄደች፤ በዚህ ጊዜ አበባም የላትም። እሜቴ ደጅ ወድቃ፣ ባሏ ታማሚ መሆኑን፣ ቀኑ ሩቅ እንዳይደለ፣ እስኪያልፍ ብቻ ቤቱ እንዲቆይላት ለመነች። እሜቴ ክፉ ሴት አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ይቀል ነበር፤ ሰው ይረግማቸዋል። ፈገግ ብለው ከመሬት አነሷት።

«አይዞሽ! ቆርቆሮ እኮ ነው፤ እንደ ሣር ክዳን አያፈስም። ባልሽም ይሞቀዋል።»

ለባይሳ ስትነግረው እጁን ምሰሶው ላይ አሳረፈ።

«ቤቱን የወሰደብን አበባው ነው?» አላት።

«እኔ ነኝ» አለች ገለቴ፤ እንባዋ መጣ። «እኔ ነኝ ተሸክሜ የወሰድኩላቸው።»

«ተይ። ቀኑ ሲደርስ በቅቤም ይመጡ ነበር።»

ክረምቱን በዚያ ቤት ከረሙ። የባይሳ በሽታ ጠና፤ ትኩሳቱ ሲነሣ ሐሳቡ ይሄድ ይመለስ ጀመር። ጥቅምት ላይ በቃሬዛ አወጡት። ቃሬዛው እንዳለው አልቀረለትም፤ ግን በሕይወቱ እያለ ወጣ። ቆርቆሮው ቤት ውስጥ አስተኙት፤ በሩ ወደ አሮጌው ደጅ ይመለከታል፣ የሱ ዐይን ግን ያን ያህል ርቆ አያይም።

ሠራተኞቹ ክዳኑን ገፈፉ፣ ማገሩን ፈቱ፣ ግድግዳውን አንድ በአንድ ነቀሉ። በአበባው በኩል ሲደርሱ እንደ አራስ ተጠነቀቁለት። ጎበና ራሱ ቆሞ «ቀስ! ቀስ በሉ!» ይል ነበር። የመጨረሻው ግድግዳ ሲነሣ ቁጥቋጦው ትንሽ ተወዛወዘ፤ ከዚያ ቅርንጫፎቹ አንድ ላይ ጎበጡ፤ ከሰዓት በኋላ መሬት ላይ ተኝቷል።

በማግስቱ እሜቴ የመሠረቱን መስመር ሊያዩ መጡ።

«ምን አድርገሽው ነው?»

«ምንም አላደረግሁት እሜቴ።» ገለቴ የምትጮህበት ጉልበት እንኳ አልነበራትም። «ቤቱን ተደግፎ ነው የኖረው።»

እሜቴ እሷን አላዩም፤ አበባውን ነው ያዩት። ከልባቸው አዘኑለት። «ታዲያ ድጋፍ ይደረግለታ! እንዴት እንዲህ መሬት ላይ ይጣላል?»

ጎበና የተከመረውን የጎጆ እንጨት አገላብጦ ረጅሙንና ቀጥ ያለውን መረጠ። ጽድ ነው፤ ምስጥ አልነካውም፤ አንድ ጎኑ ላይ የሰው እጅ የያዘው ቦታ ለስልሷል። ሁለት ሰዎች ጉድጓድ ቆፍረው አቆሙት። ገለቴ ከነጠላዋ ጠርዝ ቀድዳ ቅርንጫፎቹን አሰረችበት፤ ሌላ የሚያውቅበት የለምና እሷ ታዘዘች።

ከቆርቆሮው ቤት የባይሳ ድምፅ መጣ።

«ሀዳ ድንቅቱ! ምንድን ነው የሚቆፍሩት?»

ሄዳ በሩ ላይ ቆመች። «ምሰሶ እየተከሉ ነው።»

«የኛን?»

«ኤዬ። የኛን።»

ባይሳ በክርኑ ተነሣ፤ ሊያይ ሞከረ። ስንት ወር ያላየችው ፈገግታ ፊቱ ላይ መጣ። «ቤቱን መልሰው ሊያቆሙት ነው?»

ገለቴ ወደ ኋላዋ አየች። ምሰሶው ባዶ ሜዳ ላይ ቆሟል፣ ቁጥቋጦው ታስሮበታል፣ እሜቴ ከሩቅ ሆነው ራሳቸውን ያወዛውዛሉ፤ ደስ ብሏቸዋል። ስለ አበባው ልትነግረው አፏን ከፈተች። አልቻለችም፤ ደክሟታል፣ ለእውነቱም ደክሟታል።

«አዎ» አለችው። «ሊያቆሙት ነው።»

«ክዳኑ ሲያልቅ ንገሪኝ» አለና ተመልሶ ተጋደመ። «ያን ጊዜ አስገቢኝ። እስከዚያ እጠብቃለሁ።»

«እነግርሃለሁ» አለችና ጋቢውን አለበሰችው። ከዚያ እንስራዋን አነሣች፤ አበባው ከጠዋት ጀምሮ ውኃ አላገኘም።