የመብሩካ አክሲዮን

የዘይት ፋብሪካው ተቃጠለ የሚለው ወሬ መብሩካ ጆሮ የገባው ሐረር፣ ኤረር በር ገበያ ላይ ሽንኩርት ስትመርጥ ነው። ከድሬዳዋ የመጣ ሾፌር ለባለሽንኩርቷ ሲያወራ ሰማችው።

«ጭሱ እኮ ከደንገጎ ላይ ይታያል» አለ።

መብሩካ የያዘችውን ሽንኩርት መልሳ አስቀመጠች። ሾፌሩን ልትጠይቀው ፈለገች። ግን «አንቺ የጀጎል ሴት፣ የድሬዳዋ ፋብሪካ ምንሽ ነው?» ቢላት ምን ትመልሳለች? ምኗ እንደሆነ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

ባሏ ሙሜ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ሲሞት ከውርስ የደረሳትን ገንዘብ፣ የሰርጓን ወርቅና ትንሿን ልጇን ዐብላን ይዛ ቀረች። ታላቅ ወንድሙ ባሕሩዲን እዚያው ግቢ ውስጥ ፊት ለፊት ይኖራል። የሐዘን ጊዜዋን እንደ ጨረሰች መጥቶ፣ «ገንዘቡን ስጪኝ፣ ሱቄ ውስጥ ይሥራ። አንቺንም በኒካሕ አግብቼ አስገባሻለሁ፤ የወንድሜ ልጅ ሜዳ ላይ አትቀርም» አላት። ክፋት አስቦ አልነበረም። ይሁንና ሚስቱ ነሲማ ሳሙና ለመግዛት እንኳ እየተለማመጠች ስትጠይቀው መብሩካ በየቀኑ ታያለች። ያንን ኑሮ እንደ በሽታ ትፈራዋለች። «ላስብበት» ብላ አቆየችው።

ስለ አክሲዮን የነገሯት ስፌት የምትሸጥላቸው ወይዘሮ ሮማነወርቅ ናቸው፤ ከግንቡ ውጭ፣ በአዲሱ ከተማ የሚኖሩ የጡረተኛ መኮንን ሚስት። ፋብሪካው ለሕዝብ አክሲዮን ይሸጣል፣ የገዛ ሰው በየዓመቱ ከትርፉ ይካፈላል አሏት። መብሩካ ነገሩ ወለድ እንዳይሆንባት ፈርታ፣ በልጅነቷ ቁርኣን ያስተማሯትን ሽማግሌ አው ዐብዱሰመድን ጠየቀች።

«ቢከስርስ?» አሏት።

«አብሬ እከስራለሁ።»

«እንግዲያው ንግድ ነው፤ ሐላል ነው። ኪሳራው የመጣ ቀን ግን ድርሻዬ አይደለም እንዳትይ።»

ወርቋን ሸጣ፣ ከውርሱ ገንዘብ ጋር አድርጋ ገዛች። ትርፉ በደረሳት ቁጥር አንዲት ሳንቲም ሳትነካ ሌላ አክሲዮን ትጨምርበታለች፤ እሷና ዐብላ የሚበሉት ከስፌቱ ነው። ክፍያው በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እያደገ ሄደ። አንድ ቀን የዓመት ቀለባችንን ይችላል፣ ያን ጊዜ የማንንም እጅ አላይም ትል ነበር፤ በልቧ ብቻ። አሁን ያ ሁሉ ጭስ ሆነ።

በቀጥታ ወደ ወይዘሮ ሮማነወርቅ ቤት ሄደች። በር ላይ አገኘቻቸው፤ ነጠላቸውን ለብሰው ሊወጡ ነው።

«ሰምተሻል? ሙሉጌታ የሚባል ደላላ ፈረስ መጋላ አደባባይ ያለው ሆቴል ተቀምጦ አክሲዮኑን በሩብ ዋጋ እየገዛ ነው። ሳይመሽ እንሂድ፤ ነገ ይህንንም አናገኝ።»

«ፋብሪካውን ያየው ሰው አለ፣ እትዬ ሮማን?»

«ምኑን ነው የምናየው? አመዱን?»

መብሩካ እስከ ሆቴሉ ደጃፍ ተከተለቻቸው። ሰው ተኮልኩሏል። ሩቡም ቢሆን ገንዘብ ነው። ግን ያ ሩብ ተይዞ የሚገባው ወደ ባሕሩዲን ቤት ነው፤ ሌላ መንገድ አልታያትም። «ሳላየው አልሸጥም» አለች፣ ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማትም። ወይዘሮ ሮማነወርቅ ብቻቸውን ገቡ።

በማግስቱ ዐብላን ለነሲማ ትታ በጠዋት መኪና ተሳፈረች። ብቻዋን ከሐረር ወጥታ አታውቅም። የደንገጎ ቁልቁለት ላይ መኪናው በየጠመዝማዛው ባዘነበለ ቁጥር ዓይኗን ጨፍና «ያ ረቢ» ትላለች። ድሬዳዋ ስትደርስ የተቃጠለ ኑግ ሽታ ሰፈሩን ሞልቶት ነበር። መጋዘኑ ጣራው ወድቆ ግድግዳው ጠቁሯል። ዘበኛው አላስገባም አላት።

«ባለአክሲዮን ነኝ» አለችው። ቃሉን ለማታውቀው ሰው ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነው።

ዘበኛው ግራ ገብቶት እንደሻው የሚባለውን የፋብሪካ ኃላፊ ጠራላት። ሰውየው ሸሚዙ ጥላሸት የጠጣ፣ እንቅልፍ ያጣ ነበር። ወስዶ ማሽኖቹን አሳያት። ቆመዋል፤ እሳቱ ግን አልነካቸውም።

«የተቃጠለው ያከማቸነው ኑግ ነው። እንሠራለን። ዘንድሮ ግን የምናካፍለው ትርፍ የለም፤ ለከርሞም አልምልልሽም።»

መብሩካ እውነቱን ይሁን ሊያረጋጋት ይሁን ማወቅ አልቻለችም። ፊቱን ደጋግማ አየችው። ከዚያ ማሽኖቹን አየች። ፍርሃቷ አልለቀቃትም፤ ሳትሸጥ ተመለሰች።

ለመግሪብ ሶላት ሲጠራ ግቢ ደረሰች። ባሕሩዲን በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«የት ዋልሽ?»

መዋሸት ትችል ነበር። ደክሟት ይሁን ፈርታ፣ ሁሉንም ነገረችው።

«የወንድሜን ላብ ለእሳት ሰጠሽው» አላት ባሕሩዲን ቀስ ብሎ። «እሺ። ረሃቡ ሲጠናብሽ በሬን ታውቂዋለሽ።»

ቢጮህባት ይሻላት ነበር። ከዚያ በኋላ ያሳለፈችው ጊዜ ክፉ ነበር። ትርፍ ሳይመጣ ዓመት አለፈ፤ ሁለተኛውም ተደገመ። የብር ጌጧን ሸጠች። ጣቷ እስኪቆስል ሰፋች። ዐብላ ስታስል፣ ማሽላው ከጆንያው ግርጌ ሲደርስ፣ የባሕሩዲን ኮቴ በግቢው ሲያልፍ ልቧ ይደነግጣል። ነሲማ አንዳንድ ቀን ባሏ ሳያይ ሳህን ሸፍና ታመጣላት ነበር። «አትግቢ፤ እኔን እይኝ» አለቻት አንዴ፣ ሳህኑን ስታቀብላት።

በሦስተኛው ዓመት ትርፉ ተመለሰ፤ ትንሽ ነበር። መብሩካ አሁንም አልበላችውም፣ አክሲዮን ጨመረችበት። ፋብሪካው እየሰፋ፣ ክፍያውም እያደገ ሄደ። ወይዘሮ ሮማነወርቅ መንገድ ላይ ሲያገኟት ስለ ጤናዋ ጠይቀው ያልፋሉ፤ ስለ ፋብሪካው አንስተው አያውቁም። ዐብላ ትምህርቷን ልትጨርስ በተቃረበችበት ዓመት የመጣው ገንዘብ የዓመቱን ቀለብ ችሎ ተረፈ።

በዚያው ሰሞን ባሕሩዲን መጣ። ጢሙ ሸብቷል። በነደባው መደብ ጫፍ ላይ ተቀምጦ የድሮውን ጥያቄ እንደገና አነሳ፤ አሁን ግን በልመና ቃና ነበር።

«አላገባም» አለችው መብሩካ። «ይቅር ይበሉኝ። የግቢውን ቤቶች ጣራ ሲያሳድሱ ግማሹን እኔ እከፍላለሁ።»

ባሕሩዲን ሻዩን ጨርሶ ጠጣ፣ ብርጭቆውን አስቀመጠ፣ ጫማውን አድርጎ ወጣ።

በሩን ከኋላው ቀረቀረችው። እዚያው መሬቱ ላይ ተቀምጣ፣ ነሲማ መጥታ እስክታንኳኳ ድረስ አልተነሳችም።