እስክትጨርስ የማይደርስ ጀልባ

ፊልሙ የሚወጣበት ቀን አይነቃነቅም። ጨዋታው ደግሞ ከፊልሙ ጋር እኩል ሱቅ ካልገባ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። እዚህ ላሚንግተን ከተማ ከፊልም ላይ የቪዲዮ ጌም ስንሠራ የኖርን ሁሉ ይህን እናውቃለን፤ ስለዚህ ፊልሙ ሳያልቅ፣ ገና ረቂቁን ይዘን እንጀምራለን። የፊልሙ ሰዎች እዚያ ሐሳባቸውን በቀየሩ ቁጥር እኛ እዚህ የሠራነውን እናፈርሳለን።

በዚያ ዓመት የያዝነው የአንዲት ልጅ ታሪክ ነበር፤ ውኃ ከዋጠው አገሯ የቀረውን ደወል ተሸክማ እስከ ጠላቷ ግንብ የምትጓዝ። እውነቱን ልናገርና ጨዋታው ጥሩ አልነበረም። ልጅቷ ሰይፏን ስታሳርፍ እንጨት የምትፈልጥ እንጂ የምትዋጋ አትመስልም። ለተጫዋቹ የሚያሳየው ካሜራ በየግድግዳው ጀርባ እየተወሸቀ፣ ተጫዋቹ በጭራቅ ሲበላ የሚያየው ጡብ ብቻ ነው። ደኑ ግን ያምር ነበር። ዝናቡ ቅጠሉ ላይ ሲወርድ እኛው ሠሪዎቹ እጃችንን አጣጥፈን እናይ ነበር። ከሁሉም በላይ ደግሞ ወንዙ አለ። ልጅቷ በጭጋግ ውስጥ በጀልባ ስትሻገር፣ ቀዛፊዋ አሮጊት ስለሰጠመው አገር ታወራላታለች። ያንን ክፍል የሠራሁት እኔ ነኝ። በፊልሙ አሮጊቷን ሆነው የተወኑት ሚስስ ዊኒፍሬድ ፓስክ ናቸው፤ በጨዋታውም ፊቷና ድምፅዋ የእሳቸው ነው።

ሚስስ ፓስክ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተዋናይ ነበሩ። የሚሰጧቸው ግን በር መክፈት፣ ሻይ ማቅረብ፣ አንዳንዴም አስከሬን መሆን ነው። ለጨዋታው ድምፃቸውን ሊያስቀዱ የመጡ ዕለት፣ “ይህን ያህል ሳወራ የመጀመሪያዬ ነው” ብለውኝ ነበር። ጎረቤቶቻቸውን ሁሉ ፊልሙን አብረው እንዲያዩ ጋብዘዋል።

አንድ ቀን ከሰዓት አለቃዬ ዴዝመንድ ቺፕሱን በወረቀት ጠቅልሎ ይዞ ጠረጴዛዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አለ።

“ኔሪስ፣ አሮጊቷ ከፊልሙ ወጥታለች። ዳይሬክተሩ ‘ታንዛዛለች’ ብሎ ቆረጣት። ፊልሙ ላይ የሌለ ሰው ጌሙ ላይ አይታይም ብለዋል። አውጪያት።”

“አሁን? ልንጨርስ ስንል?”

“ለዚህ ነው ፍጠኚ የምልሽ።”

ደክሞኝ ነበር። አጥንቴ ድረስ ደክሞኝ ነበር። እሺ ብዬ ባወጣት ማንም አይወቅሰኝም። ግን ከፊልሙ የተቆረጠው ያ ንግግር ከእኛም ዘንድ ከወጣ በዓለም ላይ የትም አይገኝም። ይህ አንገበገበኝ።

“እሺ፣ እሷን አወጣለሁ። ግንቡንስ መቼ ልትጭነው ነው?” አልኩት።

ነገሩን ያውቃል። የጨዋታው ማሽን ያንን የሚያህል ግንብ ከሲዲው አንብቦ እስኪያዘጋጅ ጊዜ ይፈልጋል፤ አሮጊቷ ስታወራ ከጭጋጉ ጀርባ የሚሠራው ይህንኑ ነው። እሷ ስትጨርስ ጀልባው ይደርሳል፣ ግንቡም ይታያል። እሷ ከሌለች ተጫዋቹ ጥቁር ስክሪን ላይ አፍጥጦ ይቀመጣል።

“አንቺ ተንኮለኛ፣ ሆን ብለሽ ነው?”

“አዎ ብልህ ደመወዝ ትጨምርልኛለህ?”

“አልጨምርም።”

“እንግዲያው ሆን ብዬ አይደለም።”

ለፊልሙ ሰዎች ደውሎ ሲመለስ ፊቱ ጠቁሯል። “ድምፁ ይቆይ፣ እሷ ግን አትታይ ብለዋል። ደግሞ ተጫዋቹ ንግግሯን የሚዘልበት ቁልፍ አስገቢ።”

“ከዘለለ ግንቡ አይደርስም። ልጅቷ ባዶ ላይ ወርዳ ትወድቃለች።”

“ኧረ ተይው በቃ! ሰለቸኝ” አለና ቺፕሱን እዚያው ትቶልኝ ሄደ።

አሮጊቷን ከጀልባው በገዛ እጄ አጠፋኋት። መቅዘፊያው ብቻውን ይንቀሳቀሳል፤ ድምፁ ከጭጋጉ ይመጣል። አሸነፍኩ ለማለት ድፍረቱ አልነበረኝም።

ጨዋታው ወጣ። አንድ መጽሔት ደኑንና ዝናቡን አመስግኖ፣ ካሜራውንና ሰይፉን አብጠልጥሎ፣ መጨረሻ ላይ እንዲህ አለ፦ “ከሁሉ የከፋው ቀዛፊ የሌለው ጀልባ ነው። አንዲት የማትታይ አሮጊት እስክትጨርስ ማለፍ አይቻልም። ሻይ አፍልቼ ጠጥቼ ስመለስ ገና እያወራች ነበር።” ከዚያ በኋላ ቢሮ ውስጥ ሻይ ሊያፈላ የተነሳ ሁሉ፣ “ኔሪስ፣ ጀልባ ተሳፍረናል” እያለ ያልፈኛል።

ሚስስ ፓስክ ደወሉ። ሲኒማ ቤት ጎረቤቶቻቸውን ይዘው ገብተው፣ እስከ መጨረሻው ጠብቀው፣ ራሳቸውን ሳያዩ ወጥተዋል። መቆረጣቸውን የነገራቸው የለም።

“ጎረቤቶቼ እስከ ቤቴ ሲሸኙኝ ስለ አየሩ ብቻ ነው ያወሩት” አሉኝ። “እናንተ ጋ አለሁ የኔ ልጅ? ወይስ እናንተም ቆርጣችሁኛል?”

ቅዳሜ ማሽኑን ተሸክሜ ቤታቸው ሄድኩ። ጆይስቲኩን እንደ ትኩስ ድስት በሁለት እጃቸው ያዙት። ወዲያው ሞቱ። እንደገና ሞቱ።

“ይህ ካሜራ ጠጥቷል እንዴ?”

“ሁልጊዜም እንዲሁ ነው።”

እኔ ተጫውቼ ወንዙ ጋ አደረስኳቸው። ጀልባው ሲነሳ ማስረዳት ጀመርኩ። “ሚስስ ፓስክ፣ ፊትዎ የለም። አጥፉት አሉኝና…”

“ዝም በይ። እየተናገርኩ እኮ ነው።”

ድምፃቸው ሳይቸኩል ክፍሉን ሞላው። ትንሽ ቆይተው ጆይስቲኩን ከእጄ ወሰዱና ቁልፎቹን አንድ በአንድ ጫኑ። ንግግሩ ቀጠለ።

“አይቆምም?”

“አይቆምም። ሰው ሁሉ የሚያማርረው በዚህ ነው።”

ጆይስቲኩን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ድምፃቸው የመጨረሻዋን ቃል ተናገረ፣ ጀልባው ደረሰ፣ ግንቡ ታየ። እሳቸው ግን ግንቡን አላዩትም።

“ዕድሜዬን ሙሉ” አሉ፣ “እስክጨርስ የጠበቀኝ የለም።”

ከዚያ ተነስተው ካፖርታቸውን ደረቡ።

“ወዴት ነው?” አልኳቸው።

“ጎረቤቶቼን ልጠራ። አንቺ ወንዙ ጋ መልሺው።”

መለስኩት። ልጅቷን ጀልባው አጠገብ አቁሜ፣ የበሩን መከፈት ጠበቅሁ።