ሠላሳ ሁለት ሚሊ

ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ተኩል ላይ እቤት የነበሩት አራት ሰዎች ናቸው፦ አናጢው፣ ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ፣ ሊጠይቃቸው የመጣው የሚስቱ ታላቅ ወንድምና ከመታጠቢያ ቤቱ በር ወዲያ የወደቁት አማቱ።

አማቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም ማንም ክንዳቸውን ይዞ እንዲደግፋቸው የማይፈቅዱ ሰው ነበሩ። ገላቸውን ሊታጠቡ ሲገቡ ልጃቸው፣ "አባባ፣ መወርወሪያውን ይተዉት፤ ማንም አይገባብዎትም" ብላቸው ነበር።

"ራቁቴን ለገበያ ላውጣው ወይ?" ብለው ቀረቀሩት።

ብዙም ሳይቆይ የብርጭቆ መሰበር ድምፅ ተሰማ። ከዚያ እንደ ጆንያ ከባድ ነገር ዘጭ አለ። ሦስቱም ወደ በሩ ሮጡ።

"አባባ! አባባ!"

"አትጩሂ፣ አልሞትኩም" አሉ ከውስጥ። "ቀኝ ትከሻዬ ወልቋል መሰለኝ። ክንዴንም የመደርደሪያው ብርጭቆ በልቶታል።"

"ይደማል?"

"ትንሽ።"

ትንሽ አልነበረም። በበሩ ሥር ከሳሙናው ውሃ ጋር ቀይ ክር የመሰለ ነገር እየተሳበ ወጣና የአናጢውን ነጠላ ጫማ ነካው። ሽማግሌው ለልባቸው ብለው ደም የሚያቀጥን ክኒን ይወስዳሉ፤ ደማቸው አንዴ መፍሰስ ከጀመረ በቀላሉ እሺ ብሎ አይቆምም። ሚስቱ አምቡላንስ ጋ ደወለች። አርባ ደቂቃ ይፈጃል አሏት።

"ዞር በሉ" አለ ወንድሟ፣ እጅጌውን እየሰበሰበ። መጋዘን ውስጥ ጫኝና አውራጅ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ጉልቤው ይለዋል። "ይቺን በር በአንድ እርግጫ ነው የማስተኛት።"

አናጢው ተንበርክኮ ጆሮውን ከበሩ ላይ አጣበቀ። "አባባ፣ የት ነው የተቀመጡት?"

"በሩን ተደግፌ። እግሬን የሽንት ቤቱ መቀመጫ ይዞኛል፣ መነቃነቅ አልችልም።"

"ጭንቅላትዎስ የት ጋ ነው?"

ሽማግሌው በጭንቅላታቸው ሁለት ጊዜ እንጨቱን መቱት፤ ኳ፣ ኳ። አናጢው መዳፉን ድምፁ የመጣበት ቦታ ላይ አሳረፈ። ከመወርወሪያው አጠገብ፣ አንድ ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ነበር።

በሩን የሠራው እሱ ራሱ ነው። ወደ ውስጥ የሚከፈት፣ ሠላሳ አምስት ሚሊ ውፍረት ያለው ድፍን እንጨት። ማጠፊያው በውስጥ በኩል ነው። ፍሬሙና በሩ ተጣብቀው መሐላቸው ምላጭ እንኳ አያሳልፉም። ይህን በር ባየ ቁጥር ደስ ይለው ነበር፤ አሁን ግን ያን ያህል አሳምሮ በመሥራቱ ራሱን ረገመ።

"ቁም!" አለ፣ ጉልቤው እግሩን ሲያነሳ። "በሩ ሲሄድ አንገታቸውን ይዞ ነው የሚሄደው።"

"ታዲያ ደማቸው እስኪያልቅ እንቀመጥ?"

"መወርወሪያው አጠገብ እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ እከፍታለሁ።"

"ወደ ላይ አድርገህ ክፈተዋ! ከጭንቅላታቸው በላይ!"

"እዚያ ጋ የፊት መስታወት ለጥፌበታለሁ። ቢሰበር እላያቸው ላይ ነው የሚዘንበው።"

የዕቃ ሳጥኑን እየጎተተ አመጣ። ኩባያ መጋዝ ብሎ የሚጠራቸው፣ አፋቸው ዙሪያውን ጥርስ ያወጣ የብረት ኩባያዎች፣ በየልካቸው ተደርድረዋል። ድሪል ላይ ሲገጠሙ እንጨቱን እንደ ሳንቲም ክብ አድርገው ይቆርጡታል። ትንንሾቹን በዓይኑ አለፋቸው፤ የቁልፍ ቀዳዳ የሚበሳው ሃምሳ አራት ሚሊውም እጅ አያሳልፍም። የእሱን ወፍራም እጅ የሚያሳልፈው ሰባ ስድስቱ ብቻ ነው። አነሳውና ገለበጠው። ጥርሱ አልቆ እንደ ሕፃን ድድ ለስልሷል።

ቀና ብሎ ጉልቤውን አየው። ባለፈው ወር "ለአንድ ቀን" ብሎ ተውሶ በሦስተኛው ሳምንት የመለሰው እሱ ነው።

"ጋሼ፣ በዚህ ምን በሳህበት?"

"ግድግዳ ነዋ። የውሃ ቱቦ ላሳልፍ ብዬ።"

"የምን ግድግዳ?"

"ብሎኬት።" ጉልቤው አንገቱን አከከ። "መጋዝ መጋዝ ነው ብዬ! ምን ላድርግ፣ ላዩ ላይ አልተጻፈበት!"

"የእንጨት ነበር" አለ አናጢው። የቀረው ስልሳ ስምንቱ ነው። ጥርሱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፤ ነከስ አደረገው። የሚስቱን እጅ ያዘና ጣቶቿን ሰብስቦ የኩባያው አፍ ላይ ለካቸው። አንጓዎቿ ላይ ጠበቅ ይላል፣ ግን ይገባል።

"ቀለበትሽን አውልቂ፣ እጅሽን ሳሙና ቀቢ። የምታስገቢው አንቺ ነሽ። እስከዚያ አባባን አስወሪያቸው፣ እንዳይተኙ።"

ድሪሉ ላይ ሲገጥመው ዓይኑ የኩባያው መሐል ላይ አረፈ። ከመሐሉ ፑንታ የሚባለው ቀጭን መብሻ ብረት ከጥርሶቹ ሁለት ጣት ቀድሞ ወጥቷል። ሥራው መጋዙ እንዳይንሸራተት ቀድሞ በስቶ መያዝ ነው። እዚህ በር ላይ ግን ቀድሞ የሚደርሰው የአማቱ ጭንቅላት ላይ ነው።

ፑንታው ከሌለ ደግሞ መጋዙ ለስላሳ እንጨት ላይ እንደ እብድ ይዘላል። አንድ ጊዜ እንዲህ ሲሞክር የደንበኛ ቁም ሳጥን ከዳር እስከ ዳር ቧጥጦ ያውቃል።

ስስ ኮምፔንሳቶ ቁራጭ ፈልጎ ወለሉ ላይ አስተኛና፣ ከሥሩ ሌላ ጣውላ አድርጎ፣ ፑንታው እንዳለ በሳው። በኮምፔንሳቶው ላይ ልክክ ያለ ክብ ቀዳዳ ወጣ። ከዚያ የፑንታውን ብሎን ፈትቶ ነቀለው። ኩባያው ባዶ አፉን ከፍቶ ቀረ።

"ጋሼ፣ ና። ጉልበትህ አሁን ነው የሚያስፈልገኝ። ይቺን ቁራጭ በሩ ላይ አጥብቀህ ያዛት። መጋዙ በዚች ቀዳዳ ውስጥ ነው የሚዞረው። ፈቀቅ ካልክ አለቀልን።"

"ለስንት ጊዜ?"

"በቃህ እስክልህ።"

በኩባያው ጎን፣ ከጥርሱ ሠላሳ ሁለት ሚሊ ለክቶ፣ ዙሪያውን ፕላስተር ለጠፈ። እንጨቱ ሠላሳ አምስት ነው። ሦስቱን ሚሊ በመጋዝ አይነካትም።

"አባባ፣ የመጀመሪያው መኪናዎ ቀለሙ ምን ነበር?" ትላለች ሚስቱ፣ ከንፈሯን ከበሩ አስጠግታ።

"ሰማያዊ። ፍሬን... ፍሬን አልነበረውም።"

"ታዲያ እንዴት ነበር የሚያቆሙት?"

"እየለመንኩት።"

ድሪሉ አጓራ። አናጢው በዝግታ፣ ጥርሱን ነክሶ ገፋው። መጋዙ በኮምፔንሳቶው ቀዳዳ ውስጥ ተንቀጠቀጠ፤ የጉልቤው ክንድ ሥሮች ተገታተሩ፣ ግን ቁራጭዋ አልተነቃነቀችም። አምስት ሚሊ ያህል ሲገባ አናጢው አቆመ። "በቃህ።" ቁራጭዋ ተነሳች። በሩ ላይ ጥልቅ ክብ መስመር ቀርቷል፤ ከእንግዲህ መጋዙን የሚይዘው እሱ ነው።

እየገፋ፣ እየጎተተ፣ ብናኙን እያራገፈ ቀጠለ። የተቃጠለ እንጨት ሽታ ኮሪደሩን ሞላው። አሥር ሚሊ። አሥራ ስምንት። በበሩ ሥር ያለው ቀይ ክር ሰፍቶ የመጥረጊያ እጀታ አክሏል።

"አባባ፣ ሁለተኛውስ መኪና?"

መልስ የለም።

"አባባ! ሁለተኛው መኪና ምን ዓይነት ነበር?"

ዝም።

"ጨርሰው!" አለ ጉልቤው፣ የአናጢውን ክርን ከኋላ እየያዘ። "አንዴ ግፋውና ጨርሰው! ሞቱብን እኮ!"

"እጅህን አንሳ!"

አናጢው በዚህ ቤት ውስጥ ጮኾ አያውቅም። ሚስቱ እንኳ ከበሩ ቀና ብላ አየችው። ጉልቤው እሳት እንደነካው ሰው እጁን ሰበሰበ።

"ወዲያ በኩል ያለው፣ የማይታይህ ነገር የአባትህ ጭንቅላት ነው" አለ አናጢው። "ከቸኮልኩ የምቆርጠው እሱን ነው። ተወኝ።"

ሃያ አራት። ሃያ ዘጠኝ። መጋዙን ነቅሎ አራገፈ፣ መለሰ። የፕላስተሩ ጠርዝ እንጨቱን ሲነካ ጣቱን ከማስነሻው ላይ አነሳ።

ክቡ እንጨት መሐል ላይ መጎተቻ እንዲሆነው አጭር ቪቴ በጥቂቱ አሰረ። ከዚያ ቀጭን ቢላዋ በመስመሩ ውስጥ አስገብቶ የቀረችውን ስስ ሽፋን መፈልቀቅ ጀመረ። ጫፉን ጋደም እያደረገ፣ ወደ ራሱ እየሳበ፣ ዙሪያውን ሄደ። ላብ ዓይኑ ውስጥ ገብቶ አቃጠለው፤ አልጠረገውም። ከላይ ለቀቀ። ከጎን ለቀቀ። ቪቴውን በጉጠት ይዞ ሳበው፤ ክቡ እንጨት ቀጭ ብሎ እጁ ላይ ቀረ።

በቀዳዳው ታችኛ ጠርዝ ላይ እርጥብ ሽበት ታየ። ጥርሶቹ ከቆሙበት ቦታ ጥፍር እንኳ አይርቅም ነበር።

"አስገቢ" አላት ሚስቱን።

እጇ አንጓዎቿ ላይ ሲደርስ ያዘ። ፊቷን አጨማድዳ ገፋችው፤ ቆዳዋ ተልጦ ገባ። መጀመሪያ ያደረገችው መወርወሪያውን መፈለግ ሳይሆን የአባቷን ግንባር መዳሰስ ነበር።

"ቀዝቅዘዋል። ግን ይተነፍሳሉ። ይተነፍሳሉ!"

"መወርወሪያውን! ወደ ግራሽ፣ ዝቅ ብሎ።"

"አልሄድ አለኝ።"

"ከፍ አድርገሽ ሳቢው።"

ብረቱ ቀጭ አለ።

አናጢውና ጉልቤው ትከሻ ለትከሻ ሆነው በሩን ገፉት፤ የሚስቱ እጅ እዚያው ውስጥ ሆኖ ጭንቅላታቸውን ደግፎ ይዟል። የሽማግሌው ሰውነት በሳሙናው ውሃ ላይ ትንሽ በትንሽ ተንሸራተተ። ክፍተቱ አንድ ስንዝር ተኩል ሲሆን አናጢው በጎኑ ሾልኮ ገባ። የግራ እጃቸው የቀኝ ክንዳቸው ቁስል ላይ ይዞት የነበረውን ፎጣ ለቆ ወድቋል። ፎጣውን አንስቶ ክንዳቸው ላይ በሁለት እጁ ጫነው።

ሽማግሌው ዓይናቸውን በግማሽ ገለጡ። "ማነው?"

"እኔ ነኝ አባባ፣ አማችዎ።"

"ፎጣው... ሌላ ቦታ ነበር የሚያስፈልገው" አሉ በሹክሹክታ። ጉልቤው ሸሚዙን አውልቆ በክፍተቱ ወገባቸው ላይ ጣለላቸው።

አምቡላንሱ ከሰባት ደቂቃ በኋላ ደረሰ። ሽማግሌው ደም ተሰጣቸው፣ ክንዳቸው አሥራ አራት ቦታ ተሰፋ፣ ትከሻቸውም ወደ ቦታው ተመለሰ። በአምስተኛው ቀን ከሆስፒታል ወጡ።