በሽማግሌ የተፈታች

«ቦታሽ እዚያ ነው» አላት ወንድሟ ይስማው፣ በአገጩ ወደ ፍራሹ እያመለከተ።

የትናየት አልተንቀሳቀሰችም። ከቢቸና ሞጣ ከገባች ጀምሮ የምትቀመጠው ከድንኳኑ መግቢያ አጠገብ፣ ሥራ ጨርሰው አረፍ ከሚሉት የጎረቤት ሴቶች መሀል ነው። ፍራሹ የተነጠፈው ከወዲያኛው ጫፍ ነበር። ማናለሽ ጥቁር ለብሳ፣ ፀጉሯን ተላጭታ እዚያ ላይ ተቀምጣለች፤ ትንሽ ልጇ ጭኗ ላይ ተኝታለች። ለቀስተኛው ሁሉ ገብቶ ጎንበስ እያለ «ያጽናሽ» የሚለው እሷን ነው።

«አያ ይስማው፣ ተው።»

«ምኑን ነው የምተወው? ሀብተ ሥላሴ ያለውን በጆሮሽ ሰምተሻል። ዛሬ ሠልስት ነው፤ ዘመድ አዝማዱ ሳይበተን እዚያ ፍራሽ ላይ ካላየሽ፣ ነገ ማን ይመሰክርልሻል?»

ሀብተ ሥላሴ ከሟቹ ከከፋለ ጋር የሚዛመድ ጠበቃ ነው። ወደ ቀብሩ ሦስቱም የመጡት በአንድ መኪና ነበር። መንገድ ላይ ይስማው ስለ እህቱ ፍቺ ሲያወራ ሰምቶ፣ ውሳኔውን የሰጠው የትኛው ችሎት እንደሆነ ጠየቀው። ይስማው ሽማግሌዎች መሆናቸውን ነገረው። ጠበቃውም ሽማግሌ ማስታረቅ እንጂ ጋብቻ ማፍረስ እንደማይችል አስረዳቸው። ዳኛው ባልና ሚስትን ወደ ሽማግሌ የሚልኩት ምናልባት ይታረቁ እንደሆነ ብለው ነው። ካልታረቁ በቀጠሮው ቀን ተመልሰው መቅረብና ፍቺውን ከዳኛው አፍ መስማት አለባቸው። ሁለቱም ቀርተው ከሆነ መዝገቡ ተዘግቷል፤ ጋብቻው ግን ከፋለ እስከ ሞተበት ሰዓት ድረስ ነበረ። ማናለሽ በድግስ ብታገባውም በሕግ ሚስቱ አይደለችም። ከፋለና ማናለሽ ሞጣ የሠሩት ቤትም ግማሹ የየትናየት ነው።

ይስማው ይህን ሲሰማ በጉልበቱ ጎሸማት። የትናየት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። መርጡለ ማርያምን አልፈው ነበር፤ ማሳው ታጭዶ ገለባው ብቻ ቀርቷል። በውስጧ የተነሳው ነገር ደስታ መሆኑን ያወቀችው ትንሽ ቆይታ ነው። *ሚስቱ ነኝ።* ሊቀብሩት እየሄዱ እሷ ደስ አላት። ያን ጊዜ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ሳበችው፤ ይስማው እያለቀሰች መሰለው።

*

ከፋለ ቢቸና ውስጥ የወፍጮ ሠራተኛ ነበር። ቀኑን ሙሉ በሞተሩ ጩኸት ላይ እየጮኸ ይውልና ማታ ቤቱ ሲገባም ድምፁን ዝቅ ማድረግ አይችልም። ወጡ ጨው አንሶታል ሲል፣ ከአጥሩ ወዲያ ያለችው ጎረቤት ጨው ይዛ ትመጣለች። ሰው እየሳቀ ይወደው ነበር። የትናየት ግን በልጅነቷም ቢሆን ስሟ በሰው ፊት ሲጠራ የምትደነግጥ ሴት ናት።

አንድ ሌሊት አልጋቸው ላይ፣ «ዘንድሮም አልሆነም?» ብሎ ጠየቃት። ስለ እርግዝናው ነው። እሱ ሹክ ያላት መስሎታል። በማግስቱ ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ ቦኖው ጋ የተሰለፉት ሴቶች አንድ በአንድ፣ «አይዞሽ፣ እግዜር በጊዜው ይሰጣል» አሏት። ጀሪካኗን ባዶውን ይዛ ተመለሰች። በዚያ ሳምንት ፍርድ ቤት ሄደች።

ዳኛዋ ወጣት ሴት ነበሩ። ለመፋታት ምክንያቷን መናገር ግዴታ እንደሌለባት፣ ከፈለገች ግን መናገር እንደምትችል ነገሯት። የትናየት ወለሉን እያየች ዝም አለች። ድምፁ ያሳፍረኛል ተብሎ እንዴት ይነገራል? ዳኛዋ ወደ ከፋለ ዞረው ምን እንደሚል ጠየቁት።

«ካለችማ ትሂድ! አልከለክላትም! እኔ ግን እወዳታለሁ!»

አዳራሹ አስተጋባ። ደጅ ጥላ ሥር የተቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊዎች ብዕራቸውን ከወረቀቱ አነሱ። ተራውን ከሚጠብቀው ሰው መሀል አንዱ፣ «ዳኛዋስ ሰምተዋል፤ አሁን ለገበያተኛው ነው የሚነግረው» አለና ችሎቱ በሳቅ ተሞላ። ከፋለ ራሱም ፈገግ አለ። ዳኛዋ በሽማግሌ እንዲነጋገሩና በቀጠሮው ቀን እንዲመለሱ አዘዙ። የትናየት የሰማችው ሳቁን ብቻ ነበር።

ሽማግሌዎቹ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። በደሉን ንገሪን ቢሏት አልተናገረችም። መታሽ? አልመታኝም። ሰከረብሽ? አልሰከረብኝም። በመጨረሻ የሽማግሌዎቹ ታላቅ አባ ፋንታ፣ አፍ የማይደፍረው በደል ከሁሉም ይከፋል አሉ፤ የተቀሩትም ከፋለን በጎሪጥ አዩት። ያን ዕለት እቃቸውን አካፈሏቸው። ከዚያ አባ ፋንታ ሁለቱንም አስነስተው፣ «ከዛሬ ወዲያ እህትና ወንድም ናችሁ» ብለው መረቋቸው።

ቀጠሮው ሲደርስ ወደ ዳኛ መሄዱን ማንም አላሰበውም። ሽማግሌ የቋጨውን ነገር ይዞ ፍርድ ቤት መቆም ሽማግሌን መናቅ ነው። እሷ ወንድሟ ቤት ገባች። እሱ ወደ ሞጣ ሄደ።

*

ከቀትር በኋላ ወንዶቹ በተቀመጡበት በኩል ወሬ ሞቀ። ከፋለን ሞጣ ውስጥ ያሠሩት የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ሙሐመድሸሪፍ ነበሩ የሚያወሩት።

«እንዲህ ድምፁ ዝግ ያለ የወፍጮ ሠራተኛ አይቼ አላውቅም» አሉ። «በሞተር መሀል እንኳ ሲናገር ጆሮህን ካፉ ማስጠጋት አለብህ። ደንበኛ ይቆጣል፤ ምን አለ? ምን አለ? ይላል። አንድ ቀን፣ አንተ ሰው፣ ድምፅህን ምን ዋጠው? አልኩት። እየሳቀ፣ ‹ሐጂ፣ ይህ ድምፅ አንድ ቤት አፍርሶብኛል፤ ሁለተኛ አላወጣውም› አለኝ። ቀልዱን መስሎኝ ነበር።»

ወንዶቹ በለሆሳስ ሳቁ። ማናለሽም ፍራሹ ላይ ሆና ፈገግ አለች። «ለእኔም እንደዚሁ ነበር» አለች፤ «ቤት ውስጥ የሚያወራው እንደ ሌባ ነው።»

የትናየት አንገቷ ድረስ ጋላት። ለዳኛም ለሽማግሌም ያልነገረችውን እሱ አውቆት ኖሯል። ማን ነገረው? ማንም። ብቻውን አስቦ፣ ብቻውን ደርሶበት፣ ከዚያ ለሌላ ሴት ጎጆ ተማረበት። እሷ ምክንያቷን እንኳ ሳትነግረው ነው የሄደችው፤ ሰውየው በጎሪጥ እየታየ ከአገሩ ወጣ።

ይስማው ተመልሶ ጎኗ ቁጢጥ አለ። ድምፁ ለስላሳ ነበር፤ ለስላሳነቱ አስፈራት። «እህቴ ነሽና አባርርሻለሁ አልልም» አለ። «ባለቤቴ ግን የምትለውን ታውቂያለሽ። የራስሽ ቤት እያለ በእንግድነት ልታረጂ ነው?»

የምትለውንማ ታውቃለች። ግድግዳው ስስ ነው።

ልትመልስለት ስትል መግቢያው ጋ ሰው ተንጫጫ። የከፋለ አክስት እማሆይ ወለተ ገብርኤል ነበሩ፤ መንገድ ተዘግቶባቸው ከመርጡለ ማርያም ገና መድረሳቸው ነው። ከገዳማቸው እምብዛም አይወጡም። መጨረሻ የወጡት ለከፋለና ለየትናየት ሠርግ ነበር፤ ስለ ሽማግሌዎቹም ስለ ማናለሽም የነገራቸው የለም። ቆመው ሲያማትቡ ዓይናቸው አጠገባቸው ያለችው ሴት ላይ አረፈ።

«የትናየት! የልጄ ሚስት! ምነው ልጄ፣ ደጅ ላይ ያስቀመጠሽ ማነው?»

እማሆይ ክንዷን ይዘው አስነሷት። እያለቀሱ ይጎትቷት ጀመር፣ በለቀስተኛው መሀል፣ ወደ ፍራሹ። ይስማው ብድግ ብሎ መንገድ አስለቀቀላቸው። ሀብተ ሥላሴ ከወንዶቹ በኩል አያት፤ አንገቱንም ደፋ።

የትናየት እምቢ አላለችም። እግሯ ይሄድላት ነበር። አንድ አፍታ፣ የመነኩሲቷ ደረቅ እጅ ክንዷን እንደያዘ፣ እውነት መሰላት፤ እዚያ ትቀመጣለች፣ ስሙን ጠርታ ታለቅሳለች፣ ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ «ያጽናሽ» ይላታል።

ማናለሽ አየቻት። የተኛች ልጇን አቀፈችና፣ አንድ እጇን መሬት ላይ ተደግፋ፣ ቦታውን ልትለቅ ተነሳች። የጠበቃውን ቃል ሰምታለች ማለት ነው። ከነገሩ ጋር አድራ፣ ከነገሩ ጋር ውላ፣ ይህችን ሰዓት እየጠበቀች ነበር። ሕፃኗ በእንቅልፍ ልቧ አንገቷን አንጠልጥላለች።

የትናየት ትከሻዋን ያዘችና ቀስ አድርጋ መልሳ አስቀመጠቻት።

«እማሆይ» አለች። ድምፏ ወንዶቹ ዘንድ ደረሰ። «ሚስቱ እሷ ናት። እኔ በሽማግሌ የተፈታሁ ነኝ።»

«የትናየት!» አለ ይስማው ከኋላዋ።

«በፍርድ ቤቱም ቢሆን የጠየቅሁት እኔ ነኝ፣ አያ። ሳላስጨርሰው ነው የቀረሁት። ዛሬ ጨረስኩት።»

እማሆይ አንዴ እሷን አንዴ ማናለሽን ተመለከቱ፤ አልገባቸውም። የትናየት ክንዷን የያዘውን እጃቸውን አላቀቀችና ማናለሽ እጅ ላይ አኖረችው። አሮጊቷ ሕፃኗን ሲያዩ ፍራሹ ላይ ወርደው «የከፋለ ዓይን፣ የከፋለ ዓይን» እያሉ ያለቅሱ ጀመር። ማናለሽም አብራቸው አለቀሰች። ድንኳኑ ሁሉ ተከተለ።

ማንም እሷን የሚያይ አልነበረም። ማናለሽ ልትነሳ ስትል የፍራሹ ጠርዝ ተገልብጦ ነበር። የትናየት ተንበረከከችና መልሳ ዘረጋችው፤ ከዚያም ባል ከሥራ ሲመለስ መኝታውን እንደሚያነጥፉለት፣ በመዳፏ ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ ዳበሰችው።