ዲስኩ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ

ክፍሉ የተሠራው ለኮምፒውተሩ ነው እንጂ ለእሷ አልነበረም። ወርክሾፑ ውስጥ ሲቦን የሚውለው ሰጋቱራ ማሽኑን እንዳይጨርሰው ብሎ፣ ታላቅ ወንድሟ ከመጋዞቹ ማዶ ያለውን ጥግ በመስታወት ከለለና በር ገጠመለት። በሩ ተከፍቶ ከቆየ አቧራ ይገባል፤ ስለዚህ ይዘጋል። መስኮት ቢኖረው ከመንገድ አቧራ ይገባል፤ ስለዚህ መስኮት የለውም። ኮምፒውተር ደግሞ ብቻውን ቁም ሳጥን አይነድፍም፤ ስለዚህ እሷም አብራው ተዘጋች። መጀመሪያ ስትገባ ሚጢ ይሏት ነበር። ዛሬ ጸጉሯ ጣል ጣል እያደረገ መሸበት ጀምሮም ሚጢ ነው የሚሏት።

ደንበኛ መጥቶ አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ የወጥ ቤት መደርደሪያ ሲያዝ ንድፉን የምታወጣው እሷ ናት፤ አናጺዎቹ በእሷ ልክ ይቆርጣሉ። ውሉንም የምትጽፈው እሷ፣ የምታስፈርመውም እሷ። የዚያ ቤት ሰዎች ግን አንድ አመል አለባቸው፤ የደንበኛ ስም አያውቁም፣ ለማወቅም አይፈልጉም። ደንበኛው ገና ደጃፉን ሲረግጥ ዋናው አናጺ ከእግር እስከ ራሱ ያየውና ስም ያወጣለታል፤ አለቀ፣ እስከ ዕለተ ሞቱ እሱ ነው። ሳቂታዋ። ባለ ድመቷ። እንቅልፋሙ ጠበቃ። ሦስቴ የለካው። አናጺው ራሱ ሚሊሜትር ይባላል፤ ለምን እንደሆነ አንድ ቀን አብሮት የሠራ አይጠይቅም። ሚጢም ንድፎቿን የምታስቀምጠው በእነዚሁ ስሞች ነበር። ሚሊሜትር መስታወቱን በጣቱ ቆርቆር ያደርግና «የባለ ድመቷን!» ብሎ ይጮኻል፤ እሷ ታወጣለታለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ዕድሜዋ ሄደ።

አሁን ግን ነይ የሚላት ተገኝቷል። ሌላ ከተማ ያለ አንድ የሕንፃ ንድፍ ቢሮ ሥራዎቿን አይቶ ወዷቸዋል። ለቃለ መጠይቅ ሄዳ ጠረጴዛዋ የሚሆነውን አሳይተዋታል፤ መስኮት ሥር ነው። ከታች መንገድ አለ፣ በመንገዱ ላይ ሰው ያልፋል፣ አንዲት ሴት ከልጇ ጋር ጃንጥላ እየተሻማች ስትሄድ አይታለች። ደመወዙን እንኳ በቅጡ አልሰማችም። የወሩ መጀመሪያ ላይ ካልተገኘሽ ግን ቦታውን ለሌላ ሰው እንሰጣለን ብለዋታል።

«ሂጂ፣ ማን ያዘሽ?» አላት ወንድሟ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ነገሩ በቀለለ። አባታቸው ሲሞት ከአፉ እየነጠቀ ያሳደጋት እሱ ነው። «ግን ሚጢ፣ እዚያ ማሽን ውስጥ ያለውን ማን ያውቀዋል? የሰው መሳቢያ ሲሰበር፣ ያንኑ አልጋ ድገሙልኝ የሚል ሲመጣ፣ ማንን ልበል?»

«ሰው ቅጠርበት፣ ጋሼ።»

«እቀጥራለሁ። እስክቀጥር ነው የምልሽ።»

ይህችን «እስክቀጥር» ከዚህ በፊትም ታውቃታለች። ለሁለት ሥራና ለአንድ ባል ተብላለች። ሁለቱም ሥራዎች ቀሩ፤ ባል ሊሆን የነበረው ሰውም መጠበቅ ሰልችቶት ሌላ አገባ።

በዚያው ሰሞን ኮምፒውተሩ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። የኮምፒውተር ጠጋኙ ተጠርቶ መጣ፤ ጆሮውን ቀሰር አድርጎ አዳመጠና ራሱን ነቀነቀ።

«ዲስኩ እየሞተ ነው። ቶሎ ሥራችሁን አውጡ። ሁለት መንገድ አለ» አለ። «ወይ ሌላ ዲስክ ገዝታችሁ ትገለብጡታላችሁ፤ እጃችሁ ላይ ይሆናል፣ ከጠፋ ግን ጠፋ ነው። ወይ ክላውድ ላይ ትጭኑታላችሁ፤ የይለፍ ቃሉን የያዘ ሁሉ የትም ሆኖ በስልኩ ይከፍተዋል።»

«ክላውድ ያልከው ማን ቤት ነው?» አለ ወንድሟ።

«ቤት አይደለም፣ ድርጅት ነው። ትልልቅ ኮምፒውተሮች አሏቸው።»

«የት?»

«ሩቅ።»

«በቃ፣ ዲስኩን ግዛልኝ። መሳቢያዬ ውስጥ ይቀመጥ፣ እኔው እቆልፍበታለሁ። የማላውቀው ሰው ዘንድ ንብረቴን አላኖርም።»

ሚጢ ዲስክ ማለት ምን እንደሆነ ወዲያው ገብቷታል። ዲስክ ማሽን ላይ ካልተሰካ አይናገርም፤ ማሽኑ መስታወቱ ውስጥ ነው፤ መስታወቱ ውስጥ ደግሞ ሰው ያስፈልጋል፤ ያም ሰው እሷ ናት። ክላውድ ከሆነ ግን ሚሊሜትር መጋዙ አጠገብ ቆሞ በስልኩ ያወጣል፣ ወንድሟም ቤቱ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ያወጣል፣ ማንም መስታወት አይቆረቁርም። እንዲህ አሰበች፤ ማን ይፈርድባታል፣ እኔም ብሆን እንዲሁ ነበር የማስበው።

ወንድሟን ተከራክራ አታውቅም። የዚያን ቀን ግን ተከራከረች።

«ጋሼ፣ እሳት ቢነሳስ? ይሄ ሁሉ እንጨት፣ ይሄ ሁሉ ኮላና ቫርኒሽ ባለበት፣ መሳቢያህ ይተርፋል?»

አናጺን በእሳት ካላስፈራሩት በሌላ በምንም አይፈራም። ወንድሟ ወደ መሳቢያው አየ፣ መሳቢያውም እንጨት ነው፤ ጥግ ወደ ተቆለለው ኮምፔንሳቶ አየ። ፊቱ ሲገረጣ አየች፤ ቢሆንም ቃሏን አልመለሰችም።

«ጫኑት እንግዲህ» አለ።

ጠጋኙ ሊሄድ ሲል ስክሪኑን አይቶ ሳቁ አመለጠው። «ሳቂታዋ ምንድነው? ይሄን አስተካክይው እንጂ! ክላውድ ላይ ስትጭኚ ማንም እንግዳ ሰው ፈልጎ በሚያገኘው ስም ነው የሚቀመጠው።»

እውነቱን ነው፣ አለች። ያን ሰሞን ሁሉ ውሎቹን አጠገቧ ከምራ ስትለውጥ ከረመች። የደንበኛው ሙሉ ስም ከነአባቱ፣ የዕቃው ዓይነት፣ ዓመተ ምሕረቱ፤ ጥርት ያለ ሥራ። ሳቂታዋን ስታጠፋት ትንሽ ቅር አላት፤ ሴትዮዋ ቁም ሳጥኗ ተጣሞ ሲደርሳት እንኳ ስትስቅ የዋለች ናት። አንድ ስም ባስተካከለች ቁጥር ግን ያ በር አንድ ጣት የተከፈተላት እየመሰላት ጥርሷን ነክሳ ቀጠለች። ስትጨርስ ሁሉንም ክላውድ ላይ ጫነችው፤ የወንድሟንና የአናጺዎቹን ስልክ ተቀብላም አስገባችላቸው፣ እንዴት እንደሚፈለግ አሳየቻቸው። «እሺ እሺ» ብለው ወደ መጋዛቸው ሄዱ። አሮጌው ዲስክ ቀጭ ቀጭታውን ከነአካቴው ተወ፤ ጠጋኙም ይዞት ሄደ። ወንድሟም ክላውዱን ለመደው፤ ለመደው ብቻ ሳይሆን ፍቅር ያዘው፤ የሠራቸውን አልጋዎች ሁሉ በአውራ ጣቱ እየገፋ ለሚስቱ ሲያሳይ ያመሽ ጀመር። ሰው መቅጠሩም ተረሳ። ስልኩ እያለ ሰው ለምኔ?

የመጨረሻዋ ቀን ደረሰች። ሚጢ ኮቷን ደርባ፣ ቦርሳዋን በሩ ሥር አድርጋ ልትሰናበት ስትል የሳቂታዋ ቁም ሳጥን ማጠፊያው ተገንጥሎ ልክ ይፈለጋል ተባለ።

«ቆይ፣ እኔ ላውጣ!» አለ ወንድሟ በኩራት። ስልኩን አወጣና «ሳቂታዋ» ብሎ ጻፈ። ምንም አልተገኘም። ሚሊሜትር «አንተ አትችልበትም፣ ወዲህ በል» ብሎ ነጠቀውና «ባለ ድመቷ» አለ። ምንም አልተገኘም። እንቅልፋሙ ጠበቃም የለም። መጋዙን የያዘው ሰው አጠፋና እሱም መጣ።

«ስማቸው ነው እኮ የተጻፈው» አለች ሚጢ።

«የማን ስም?»

«የደንበኞቹ ነዋ!»

እርስ በርስ ተያዩ። «ሳቂታዋ ስም አላት እንዴ?» አለ ሚሊሜትር፤ ከልቡ ነው የጠየቀው።

ሁሉም ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም። የሳቂታዋን ሙሉ ስም ከነአባቷ ነገረቻቸው፤ ጻፉት፤ ንድፉ ዱብ አለ። የባለ ድመቷን ነገረቻቸው፤ እሱም መጣ። ያኔ ነው የሠራችው ሥራ ቁልጭ ብሎ የታያት። ለእንግዳ ሰው ብላ አሳምራ አስተካከለችው፤ እንግዳ ሰው ግን የለም፣ እነዚህ ብቻ ናቸው ያሉት። የድሮዎቹ ስሞች ከነዲስካቸው ሄደዋል። ሳቂታዋንና ስሟን የሚያገናኝ አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረው፤ እሱም የእሷ ጭንቅላት ነው። ያም ቢሆን ሰው ሲጠይቃት ትዝ ይላታል እንጂ ቁጭ ብላ ልዘርዝረው ብትል ወር አይበቃትም። ቢሮው ደግሞ ሰኞ ይጠብቃታል።

ወንድሟን አየችው። «እስክታስተካክይው» ሊላት ነው ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ትንሽ አሰበና ፊቱ በራ።

«ክላውዱ ስልክሽ ላይም አለ አይደል?»

«አለ።»

«ታዲያ ምን ቸገረን! እንደውልልሻለን፣ ታወጪልናለሽ!» እጇን ያዘ። «እኔ ነኝ ሞኙ። ያን ጊዜ ዲስኩን መሳቢያዬ ውስጥ ቆልፌው ቢሆን ዛሬ ተቆራርጠን ቀርተን ነበር። አንቺ ነሽ ያዳንሽን። የትም ብትሄጂ እኮ እዚሁ ነሽ፣ ሚጢ!»

አቀፋት፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። በትከሻው በኩል መሳቢያው ይታያታል፤ ቁልፉ ተሰክቶበታል፣ ውስጡ ባዶ ነው። «ጋሼ፣ ዲስኩ መሳቢያህ ውስጥ ነው፣ እኔ ጋ የለም።» ዲስኩ ተገዝቶ ቢሆን ኖሮ ይህን ብላው ትገላገል ነበር፤ እንዴት ያለች ቆንጆ ዓረፍተ ነገር! እውነት ስለምትሆን ማንም አይቀየምባትም ነበር። በገዛ አፏ፣ ተከራክራ አጣቻት። ስልኬን ባጠፋውስ ብላ አሰበች፤ እንጨቱን ይዞ ልክ የሚጠብቅ ሰው ቆሞ ታያትና እንደማታደርገው አወቀችው። ተናደደች፤ የምትናደድበት ሰው ግን አላገኘችም።

አውቶቡሱ ላይ ቲኬት ቆራጩን ለምና መስኮት ሥር ቦታ አገኘች። መንገዱን በሙሉ ዓይኗን ሳትነቅል ልታይ ለራሷ ቃል ገብታለች፤ ዛፉንም፣ ሱቁንም፣ የተሰጣውን ልብስም። አውቶቡሱ ከመናኸሪያው ወጥቶ ገና ወደ ግራ ሲታጠፍ ስልኳ ጮኸ።

«ሚጢ፣ ሚሊሜትር ነኝ። ሦስቴ የለካው መጥቶ አራተኛ ካልለካሁ ብሎ ቆሟል። ይሄን ሁሉ ዘመን ተዋውቀን ስምህ ማን ነው አይባል፤ ማን ነበር ስሙ?»

ከኋላው መጋዙ ይሰማል። ስሙን ነገረችው።

«በዚህ ስም ሁለት መጣ፣ የቱ ነው?»

«ቆይ ላየው።»

«እንቅልፋሙ ጠበቃም ይጠብቃል፣ እንዳትዘጊው።»

አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት ፈገግ አለችላት። «ሥራ ላይ ነሽ እንዴ?»

«አዎ» አለች ሚጢ። ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ንድፉን ከፈተችው። ፀሐዩ ስክሪኑ ላይ እያንጸባረቀ ቁጥሩን ስለከለከላት እጇን ዘረጋችና የመስኮቱን መጋረጃ ሳበችው።