ሞቱማ አይቶ ያለፈው ቲሸርት

ተመራቂው ዮፍታሔ ቲሸርቱን ባንኮኒው ላይ ዘርግቶ ጀርባውን አነበበ። ደግሞ አነበበና ከት ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን ብዙም አልቆየም።

"እትዬ፣ ይሄ እኮ ጥያቄ ነው" አላት የማተሚያ ቤቱን ባለቤት የሺሀረግን። "እኛ ያልናችሁ 'ስንቱን አልፈን መጣን' ብሎ የሚደነቅ ነገር ነው። እዚህ ላይ ግን እንግሊዝኛው 'ምን ያህል ርቀት መጣን?' ይላል። ነገ አርባ ነርስ ተመርቆ ሲወጣ ርቀቱን መንገደኛ ሊጠይቅ ነው?"

የሺሀረግ መነጽሯን አጠለቀች። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ይህን ቤት ከከፈተች ሃያ ዓመት ቢያልፋትም ከእንግሊዝኛ ጋር አልተዋወቀችም።

"ምኑ ነው የተበላሸው?"

"ሁለት ቃላት ቦታ ተለዋውጠዋል። መጨረሻው ላይ ደግሞ በቃለ አጋኖ ፈንታ የጥያቄ ምልክት ገብቷል።"

ከቲሸርት መተኮሻው ማሽን ጀርባ ሞቱማ አቀረቀረ። ስህተቱን ከጠዋት ጀምሮ ያውቀዋል።

ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ነው። ግን ዕድሜ ልኩን ፊደል ሲቆርጥና ሲለጥፍ የኖረ እጅ ሳይማር አይቀርም። የፈረንጅ አድናቆት እንዴት እንደሚደረደር እጁ ለምዶታል፤ ሲጠይቁ ቃሉ ይገለበጣል፣ ሲደነቁ ይቃናል፣ መጨረሻው ላይ ቀጥ ያለች ዱላ ከነነጥቧ ትቆማለች። ይህን ማን ጠይቆት ያውቃል? ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ባነር ላይ ቢሳሳት፣ ያኔ ገና ከኮሌጅ ወጥታ የተቀጠረችው ፋይዛ ደንበኛ በተሰበሰበበት "ጋሼ ፊደሉን እንጂ ቋንቋውን መች ያውቁታል" አለች። ቤቱ ሳቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንግሊዝኛ የተባለ ሁሉ በፋይዛ እጅ ብቻ እንዲያልፍ ተወሰነ። እሷ የተናገረችውን በማግስቱ ረሳችው። እሱ ግን ይዞት ከረመ።

ዛሬ ጠዋት ፋይዛ ስልኳን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ይዛ ናሙናውን አመጣችለት። እናቷ ከቀዶ ሕክምና ከወጣች ሦስተኛ ቀኗ ነው።

"ጋሼ፣ እስቲ አንዴ ይዩልኝ። ዓይኔ አላይ ብሎኛል።"

አየው። ወዲያውኑ አየው።

"እኔ ምኑን አውቄው ልጄ፤ እኔ ፊደል ብቻ ነኝ" አላት።

ነገሩ አልገባትም። ፈገግ ብላ "በቃ እንግዲህ ይተኩሱት" ብላው ወደ ስልኳ ተመለሰች።

የማሽኑን ክዳን አርባ ጊዜ ከፍቶ አርባ ጊዜ ዘጋ። የመጀመሪያዎቹ አሥር ቲሸርቶች ጣፈጡት። ሃያኛው ላይ ሲደርስ ተነስቶ ሊነግራት አሰበና "ዝም አይነቅዝም" ብሎ ተወው። የሱ ዝምታ ግን ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ነቀዘ።

"ፋይዛ" ብላ ተጣራች የሺሀረግ።

ፋይዛ መጥታ ቲሸርቱን አየችና ከንፈሯን ነከሰች። "ጥፋቱ የኔ ነው" አለች። ለጋሽ ሞቱማ አሳይቻቸው ነበር አላለችም። ወደሱ እንኳ ዞር አላለችም።

"ባለፈው ወርም እንዲሁ አደረግሽ። ልብሽ ሆስፒታል፣ እጅሽ እዚህ፤ እንዲህ ሆኖ አይሆንም። ዕቃሽን ሰብስቢ።"

"እሺ፣ እትዬ።" ወደ ጓዳው ገባች።

"እኔ እኮ ሰው ይባረር አላልኩም" አለ ዮፍታሔ ደንግጦ። "ቲሸርቱ ይስተካከልልን ነው ያልኩት።"

"እስከ ማታ ይደርስልሃል። ሂድ አንተ።"

ልጁ ወጣ። ሞቱማ ማሽኑን አጠፋ።

"እትዬ የሺ፣ እኔ አይቼው ነበር።"

"ምኑን?"

"ስህተቱን። ሳይተኮስ በፊት እይልኝ ብላኝ፣ አይቼ ሳበቃ አላውቅም አልኳት።"

የሺሀረግ መነጽሯን አወለቀች። "አንተ እንግሊዝኛ ታነባለህ?"

ይህችን ጥያቄ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲጠብቃት ኖሯል። ወደ አብነት የሚወስደውን ታክሲ ተሰልፎ ሲጠብቅ መልሷን ስንቴ በልቡ አሳምሯል። ዛሬ መጣችለትና እንደ ሬት መረረችው።

"ይችን ይችን አነባለሁ።"

"ታዲያ ምን ነክቶህ ዝም አልክ?"

ያንን የድሮ ሳቅ ሊነግራት አፉን ከፈተ። እናቷ አልጋ ላይ ካለች ልጅ ፊት ሲያቆመው ግን ነገሩ ኢምንት ሆነበት። ያቺን ለምታህል ነገር ነው እንዴ ይህን ሁሉ ያደረገው?

"ቂም" አለ።

የሺሀረግ ወደ ጓዳው በር ተመለከተች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ስማ ሞቱማ። ልጅቱ ትቆያለች፤ ሄጄ እኔው እነግራታለሁ። አንተ ግን ይህን ለሷ እንዳታወራ። ነገም ጎን ለጎን ነው የምትሠሩት፤ ተያይታችሁ መኖር አለባችሁ። አልነገርከኝም፣ አልሰማሁም። በቃ፣ ወደ ሥራህ።"

ቀላል መንገድ ነበር። ፋይዛ ሥራዋን ታገኛለች፤ እሱም "ጋሼ" እንደተባለ ይኖራል። ነገ ጠዋት ደግሞ "ይዩልኝ" ብላ ትመጣበታለች።

ላብ የጠጣውን ጓንቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ጣለ። የሺሀረግ "ሞቱማ" ስትለው እየሰማ አልፏት ሄደና የጓዳውን በር ቆረቆረ። ፋይዛ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንግታ ቆማለች።

"ቦርሳሽን አውርጂና ቁጭ በይ ልጄ" አላት። "ካንቺ የደበቅሁት ነገር አለ።"